ገጸ ባሕርይ ከየት ይወለዳል?

ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከወዳጆቹ ዘንድ ሁለት ጥያቄ አያጣም፡፡ አንደኛው በግልጽ የሚቀርብ ነው፤ «ሐሳቡን ከየት ታመጣዋለህ?» የሚል፡፡ ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ነው፤ «እንዲያው ለነገሩ፣ ያቺ ሴትዮ እገሊት አይደለችም?» የሚል፡፡ ቀን ቀን የቢሮ ሥራዬን እየሠራሁ፣ ማታ ማታ አጫጭር ልብ ወለዶችን የምጽፍ ሰው በመሆኔ ሁለቱንም ደጋግሜ ተጠይቄያለሁ፡፡ ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም የሚገናኙበት ቦታ አለ፡፡ ሐሳብ የሚመጣው ከሰው ነው፤ ከሰው የመጣ ነገር ደግሞ ባለቤት አለው፡፡ በዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ እንዴት እንደሚገኝ፣ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚገነባና በሕይወት ካለ ሰው ምን ያህል መውሰድ እንደሚገባ የማውቀውን ላካፍል፡፡

ሐሳብ ተበታትኖ ነው የሚመጣው

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ «መንፈሱ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» እያለ ይጠብቃል፡፡ የታላላቅ ደራሲያን ተሞክሮ የሚነግረን ግን ሌላ ነው፡፡ ሩሲያዊውን ሊዮ ቶልስቶይን እንውሰድ፡፡ ባለቤቱ ሶፊያ በማስታወሻዋ እንዳሰፈረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ቶልስቶይ ስለ አንዲት የከፍተኛው መደብ ባለትዳር ሴት የመጻፍ ሐሳብ እንዳለው ነግሯት ነበር፡፡ ሴትዮዋ ራሷን ለውድቀት የዳረገች ናት፤ የደራሲው ፈተና ደግሞ ጥፋተኛ ሳትሆን አሳዛኝ አድርጎ ማሳየት ነው፡፡ ሐሳቡ ግን ሐሳብ ሆኖ ቀረ፡፡ በ1872 መጀመሪያ ላይ ከርስቱ አቅራቢያ በሚገኝ የባቡር ጣቢያ፣ የጎረቤቱ ውሽማ የነበረች አና ፒሮጎቫ የምትባል ሴት ራሷን ከባቡር ሥር ጣለች፡፡ ቶልስቶይ ሄዶ አስከሬኗን አየ፡፡ ያን ጊዜም መጻፍ አልጀመረም፡፡ በ1873 የፑሽኪንን ጽሑፎች ሲያነብ፣ ያለ ምንም መግቢያ ዘው ብሎ ወደ ነገሩ የሚገባ አንድ አጀማመር ማረከውና ብዕሩን አነሣ፡፡ «አና ካሬኒና» ከ1875 ጀምሮ በመጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፡፡

እንግዲህ ልብ እንበል፡፡ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ክስተት፣ አንድ የአጻጻፍ ስልት፤ ሦስቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ለየብቻቸው መጡ፡፡ የደራሲው ሥራ እስኪገናኙ ድረስ ሳይጥላቸው መያዝ ነበር፡፡

ከእኛም አገር ምሳሌ አለ፡፡ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ 55 ዓመት አልፏቸው ነበር፡፡ ተወልደው ያደጉት ጎጃም ነው፤ በቤተ ክህነት ትምህርትም አልፈዋል፡፡ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተዋል፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታስረዋል፡፡ ከነፃነት በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካና በእንግሊዝ በዲፕሎማትነት ሠርተዋል፡፡ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ያደመጠው የበዛብህና የሰብለወንጌል ዓለም ግን በልጅነታቸው ያዩት የጎጃም ዓለም ነው፡፡ የመሳፍንቱ ግቢ፣ የቆሎ ተማሪው ኑሮ፣ የስለት ልጅ ዕጣ ፈንታ በደራሲው ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲብላላ ኖሯል፡፡ ስለዚህ «የምጽፈው የለኝም» የሚል ሰው ሩቅ ከመሄዱ በፊት ያደገበትን ሰፈር ቢያስታውስ አይከፋም፡፡

የት እንፈልግ?

ሐሳብ ለማግኘት ዋናው መሣሪያ ትንሽ የኪስ ደብተር ነው፡፡ አንቶን ቼኾቭ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ የሰማው ንግግር፣ ያልተለመደ ስም፣ በአንድ መስመር የተጻፈ የታሪክ ጥንስስ የሰፈረባቸው ደብተሮቹ ከሞተ በኋላ ታትመዋል፡፡ ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፡፡ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ ስልክ ለማስታወሻ ተከፍቶ ለሌላ ነገር ይውላልና፡፡

አዲስ አበባ ለሚኖር ጸሐፊ የሐሳብ ምንጭ ሞልቷል፡፡ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በስልክ የሚደረግ ጭቅጭቅ ግማሹ ብቻ ይሰማል፤ ሌላውን ግማሽ መፍጠር የእርስዎ ድርሻ ነው፡፡ ለቅሶ ቤት ሰው ስለ ሟቹ የሚያወራውንና የማያወራውን ያስተውሉ፡፡ የዕድር ስብሰባ፣ የወረዳ ቢሮ ወረፋ፣ የሽማግሌ እርቅ ሁሉም የሰውን ባሕርይ የሚገልጡ መድረኮች ናቸው፡፡ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ችሎት አንድ ጠዋት የተቀመጠ ሰው፣ ሁለት ሰዎች አንድን ነገር እንዴት በሁለት መልክ እንደሚተርኩት ይማራል፡፡

ሲመዘግቡ ግን አስተያየትዎን ሳይሆን ያዩትን ይጻፉ፡፡ «ሴትዮዋ ስስታም ናት» ብሎ መጻፍ ጥቅሙ ትንሽ ነው፡፡ «የስጦታ ወረቀቱን ሳትቀድ ላጠችው፣ አጥፋም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው» ብለው ከጻፉ ግን ከዓመት በኋላም ሴትዮዋ በዓይንዎ ላይ ትመጣለች፡፡ ምናልባትም ስስታም ሳትሆን ችግር ያሳለፈች ሴት መሆኗ ይገለጥልዎት ይሆናል፡፡

ከሐሳብ ወደ ሰው

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የልብ ወለድ ጥናት ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ክብ ብሎ ይከፍላቸዋል፡፡ ዝርግ የሚባለው በአንድ ጠባይ ተጠቃልሎ የሚያልቅ ነው፡፡ ክብ የሚባለው ደግሞ አንባቢን ሊያስደንቅ የሚችል፣ ሲያስደንቅም የሚያሳምን ነው፡፡ ዝርግ መሆን በራሱ ነውር አይደለም፤ አጃቢ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ክብ ቢሆን ታሪኩ መላወሻ ያጣል፡፡ ዋናው ሰው ግን ክብ ሊሆን ይገባዋል፡፡

እንዴት ክብ ይሆናል? እኔ በሦስት ጥያቄ እጀምራለሁ፡፡ ምን ይፈልጋል? ምን ይከለክለዋል? ሁለቱ ሲጋጩ ምን ያጣል? በዛብህን እንይ፡፡ ሰብለወንጌልን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፡፡ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅፋቱ ከውጭ ብቻ በሆነ ነበር፡፡ ስለቱ ግን በገዛ ራሱ ውስጥ የተተከለ አጥር ነው፡፡ ልብ የሚሰብረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እንዲህ የውጩና የውስጡ እንቅፋት ሲገጣጠሙ ነው፡፡

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ፡፡ የሰፈር ዕቁብ ዳኛ የሆነች ሴት አለች እንበል፡፡ በ20 ዓመት ውስጥ የማንም ሰው አንድ ብር ጠፍቶባት አያውቅም፡፡ ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ገና ዝርግ ናት፡፡ አሁን ልጇ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ አንድ ሳምንት ብቻ የቀረው፣ ገንዘብ ግን የጎደለው ይሁን፡፡ የዕቁቡ ብር ደግሞ ሳጥኗ ውስጥ ነው፡፡ እነሆ ፍላጎትና ክልከላ ተገናኙ፡፡ ቀጥለን አንድ የማይጠበቅ ነገር እንጨምር፤ ልጁ እንዲሄድ በልቧ አትፈልግም፡፡ ብሩን ባትሰጠው ሐቀኛ ስለሆነች ነው ወይስ ልጇን ላለማጣት? ለራሷስ የትኛውን ትነግረዋለች? ከዚህ በኋላ ታሪኩን እኛ አንገፋውም፤ እሷ ትጎትተናለች፡፡

ገጸ ባሕርይ በረቂቅ ውስጥ እንደሚለወጥም መዘንጋት የለበትም፡፡ በቶልስቶይ የመጀመሪያ ረቂቆች ላይ ጀግናዋ ውበት የጎደላት፣ ለከት የሌላት ሴት ነበረች፤ ደጉ ሰው ባሏ ነበር፡፡ እየተደጋገመ ሲጻፍ ግን አንባቢ የሚያውቃት አና ወጣች፡፡ ደራሲው ለመፍረድ ጀምሮ ለመረዳት ጨረሰ ማለት ነው፡፡

ስምና አነጋገር

በአማርኛ ስም ብዙ ይናገራል፡፡ ዕቁብ ዳኛዋን ዘነበች ብንላትና ቤተልሔም ብንላት ሁለት የተለያዩ ሴቶች ትሆናለች፤ ዕድሜዋ ይለወጣል፣ ወላጆቿ ይለወጣሉ፡፡ ሰው የሚያወጣው ስምም እንዲሁ ነው፡፡ ሐዲስ ዓለማየሁ ካሳ ዳምጤን «ጉዱ ካሳ» ሲያስብሉት ሁለት ነገር ነገሩን፡፡ አንደኛው ካሳ ከማኅበረሰቡ የወጣ ሰው መሆኑን ነው፡፡ ሁለተኛው ማኅበረሰቡ እውነት የሚናገረውን ሰው እንደ ጉድ የሚያይ መሆኑን ነው፡፡

ቋንቋችን ለደራሲ የሰጠው ሌላ ትልቅ ስጦታ የአክብሮት አጠራር ነው፡፡ አንተ፣ አንቺና እርስዎ በአንድ ምልልስ ውስጥ ሲቀያየሩ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ያስቀራሉ፡፡ ለዓመታት «ጋሼ፣ እርስዎ» ስትል የኖረች ጸሐፊ አንድ ቀን አለቃዋን «አንተ» ካለችው፣ በመካከላቸው የሆነው ነገር ለአንባቢ ሳይነገር ይታወቃል፡፡ ባልና ሚስት ሲጣሉ በድንገት «እርስዎ» መባባል ከጀመሩም እንደዚያው፡፡ ስለዚህ ንግግሩን ከጻፉ በኋላ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፡፡ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍነው ማን ምን እንዳለ መለየት ካልቻሉ፣ ሁሉም የሚናገሩት በእርስዎ አንደበት ነው ማለት ነው፡፡

በሕይወት ያለ ሰው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፡፡ ደራሲ ከእውነተኛ ሰው መነሣቱ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የተቀዳ መሆኑ በሥነ ጽሑፍ አፍቃሪው ዘንድ የታወቀ ነው፡፡ በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ግን ሌላ ዕዳ አመጣ፡፡ መቼቱ አሥመራ፣ ዘመኑ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነበር፤ አንባቢም በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ ባለሥልጣናትን ለይቶ አወቀ፡፡ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፡፡

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ይገባል፡፡ ሥልጣን የያዘን ሰው መተቸት የደራሲ ድፍረት ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ደራሲው ነው፡፡ ሥልጣን የሌለውን ሰው ምስጢር አደባባይ ማውጣት ግን ድፍረት አይባልም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ነውና፡፡ በተለይ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ይህን ሊያስቡበት ይገባል፡፡ የሰው ጉዳይ በእጃቸው የሚገባው በአደራ ነው፡፡ ስም መቀየር ብቻውን አደራ አይጠብቅም፤ ሰፈርተኛ ስምን ሳይሆን ታሪክን ያውቃልና፡፡

እኔ ራሴ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት አንድ ታሪክ አለ፡፡ ባሏ በ1970ዎቹ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምቶ ያልተመለሰ የአንዲት የቅርብ ዘመዴ ታሪክ ነው፡፡ ሞቱን የነገራት የለምና ተዝካሩን አውጪ ሲሏት እምቢ ያለች ሴት ናት፡፡ አንድ ቀን ቡና እያፈላች ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገር ነገረችኝ፤ ምን እንደነገረችኝ እዚህም አልጽፈውም፡፡ ሙያዬን ታውቃለችና ስትጨርስ «እኔ ካለፍኩ በኋላ ጻፈው» አለችኝ፡፡ ጽፌዋለሁ፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚሻለውም እሱ ይመስለኛል፡፡ ያነበበው ግን ማንም የለም፤ የሚታተምበት ቀን ቶሎ እንዲመጣም አልመኝም፡፡

ከዚህ የምወስደው የአሠራር ደንብ ይህ ነው፡፡ ከሰው የሚወሰደው ስሜቱ እንጂ ምስጢሩ አይሁን፡፡ የዘመዴን የመጠበቅ ጽናት ለሌላ ሴት፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ምክንያት ልሰጠው እችላለሁ፡፡ ልጇ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ላቋረጠባት እናት ብሰጠው እውነትነቱ አይጎድልም፤ ዘመዴም አንብባው ራሷን ሳይሆን ስሜቷን ታገኝበታለች፡፡

ለመጀመር ያህል

ሥራ የሚበዛበት ሰው ረጅም ጊዜ እስኪያገኝ ከጠበቀ አይጽፍም፡፡ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፡፡ በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ነገር አይጻፉ፤ በየቀኑ ያዩትን አንድ ድርጊትና የሰሙትን አንድ ንግግር ብቻ ይመዝግቡ፡፡ በሁለተኛው ሳምንት ከመዘገቧቸው ውስጥ ከሐሳብዎ አልወጣ ያለዎትን አንድ ሰው ይምረጡና ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁት፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ስም ያውጡለት፣ የሚኖርበትን ሰፈርና ሥራውን ይቀይሩ፣ ከዚያም የሚፈልገውንና የሚከለክለውን በአንድ ክፍል ውስጥ አገናኝተው ያነጋግሯቸው፡፡ በአራተኛው ሳምንት ያልጠበቁትን ነገር ሲናገር ከሰሙት አያቋርጡት፤ ገጸ ባሕርይ ተወለደ የሚባለው ያን ጊዜ ነው፡፡