በሐዲድ ላይ የተነደፈ ዕቅድ

ግንቦት 8 ቀን 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1903) ጆርጅ ዋይማን የተባለ ብስክሌተኛ፣ ሞተር በተገጠመለት ብስክሌት ተቀምጦ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ኒው ዮርክ ጉዞ ጀመረ። እስከዚያች ዕለት ድረስ ሰሜን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሞተር ኃይል ያቋረጠ ሰው አልነበረም፤ ባቡር ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህ ጉዞ በተወሳ ቁጥር የሚነገረው ስለ ሰውየው ጽናት ነው። ስለ ዕቅዱ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ለሙያ ሰው ግን ይልቁን የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

ዕቅዱን ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን መንገድ ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1904 በተደረገ ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ ከነበረው ከ2 ሚሊዮን ማይል በላይ የገጠር መንገድ ውስጥ፣ ጠጠር የለበሰው ወይም በሌላ ዘዴ የተሻሻለው ከመቶ 7 እጅ ያህሉ ብቻ ነበር። በምዕራቡ ክፍል መንገድ የሚባለው የጋሪ ዱካ ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አሸዋ። እ.ኤ.አ. በ1901 የአውቶሞቢል ፋብሪካ ባለቤት የነበረው አሌክሳንደር ዊንተን በራሱ ፋብሪካ በተሠራ መኪና ይህንኑ ጉዞ ሞክሮ፣ በኔቫዳ አሸዋ ተይዞ ሐሳቡን ለመተው ተገዷል።

ዋይማን እ.ኤ.አ. በ1902 በጋ በሞተር ብስክሌት የሴራ ኔቫዳን ተራራ አቋርጦ ሬኖ ከተማ ደርሶ ነበር። ስለሆነም ለታላቁ ጉዞ ሲሰናዳ በካርታ ላይ ከተሳሉት የጋሪ መንገዶች ይልቅ የተማመነው እ.ኤ.አ. በ1869 በተጠናቀቀው፣ አገር አቋራጭ በሆነው የምድር ባቡር መስመር ነው። ይህ ምርጫ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ያለ ውሃ አይሄድምና መስመሩ ባለበት ሁሉ፣ በረሃም ቢሆን፣ የውሃ ማደያ አለ። ጣቢያ ባለበት ሰው አለ፤ ምግብ፣ ማደሪያና ቴሌግራፍ አለ። መለዋወጫ ቢያስፈልግም የሚመጣው በዚያው በባቡር ነው። መንገዱ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ብስክሌቱን አንሥቶ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ በተጋደሙት እንጨቶች ላይ መንዳት ይቻላል።

ይህ ዕቅድ የሚሠራው ለቀላል ማሽን ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ሞተር ኩባንያ የሠራው ብስክሌት 90 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነና አንድ ከሩብ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሸክሞ፣ ኃይሉን በቆዳ ቀበቶ ወደ ኋላ ጎማ ያስተላልፍ ነበር። ባቡር በመጣ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ከሐዲዱ ላይ ያወጣዋል፤ ሞተሩ እምቢ ሲል በእግር ይረገጣል። የዊንተን መኪና ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። ዋይማን የያዘው ስንቅም ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተስማማ ነው፦ ገንዘብ፣ የሚሞቅ ልብስ፣ የውሃ ዕቃ፣ የትርፍ ቤንዚንና የዘይት ጣሳዎች፣ የሥራ መሣሪያ፣ ጥቂት መለዋወጫ፣ አንድ ሽጉጥና አንድ ፎቶግራፍ ማንሻ። ፎቶግራፍ ማንሻው ለቅንጦት አልነበረም፤ የጉዞውን ታሪክ አንድ የሞተር ሳይክል መጽሔት በተከታታይ ሊያወጣ ተስማምቶ ነበርና።

ዋይማን ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በሐዲድ ላይ ነዳ። ዕቅዱ ያልገመተው፣ ወይም ገምቶ ዝም ያለው፣ የዚህን ዋጋ ነው። ከእንጨት ወደ እንጨት የሚዘል ጎማ በየርምጃው የሚቀበለው ምት በሙሉ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ብሎኖቹና ወደ ነጂው ወገብ ይሄዳል። በረሃውን ያሻገረው መንገድ ማሽኑን ቀስ በቀስ ሲፈታው ሰነበተ። የቆዳው ቀበቶ ደጋግሞ ተበጠሰ። በመጨረሻም የባሰው ነገር የደረሰው መንገዱ መሻሻል ከጀመረ በኋላ፣ በኢሊኖይ ግዛት በኦሮራ አጠገብ ነው፤ የሞተሩ ክራንክ ተሰበረ። ዋይማን እየረገጠ ቺካጎ ገባና አዲስ ክራንክ እስኪደርሰው አምስት ቀን ቆመ። ዕቅዱ የሚነቀፈው እዚህ ላይ ነው። ቺካጎ ከጉዞው ግማሽ በእጅጉ ያለፈች ከተማ ናትና፣ ሐዲዱ የሚጎዳቸው ክፍሎች አስቀድመው በባቡር ተልከው እዚያ ሊጠብቁት ይችሉ ነበር። ባቡሩን ለራሱ መንገድ ያደረገ ሰው ለዕቃው አላደረገውም።

ከአልባኒ ወዲያ ሞተሩ ፈጽሞ ደከመ። ዋይማን የቀረውን 150 ማይል ያህል የብስክሌት መሄጃዎችን እየተከተለ በእግሩ እየረገጠ፣ ሰኔ 29 ቀን 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1903) በ51ኛው ቀን ኒው ዮርክ ገባ። ከእርሱ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ከዚያችው ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሣው ሐኪሙ ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን፣ ከመካኒኩ ጋር ባለ 20 የፈረስ ጉልበት የዊንተን መኪና እየነዳ፣ የኔቫዳን አሸዋ በመሸሽ በስተ ሰሜን በኦሬገንና በአይዳሆ በኩል ዞሮ የደረሰው ከ20 ቀን በኋላ ነው። ጋዜጦች በሰፊው ያወደሱት ግን እርሱን ነበር።