የተባረረው ስንብት

ሰው ከሰው ሲለያይ የሚጥላት ቃል ትንሽ ናት፤ ታሪኳ ግን ትንሽ ላይሆን ይችላል። የጀርመኖችን የስንብት ቃላት አመጣጥ ባገላበጥሁ ቁጥር የምገረመው በዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ልማዱን እንይ። ጀርመንኛም እንደ አማርኛችን «አንተ» እና «እርስዎ» አለው። «ዱ» ለቤተሰብ፣ ለልጅና ለወዳጅ፣ «ዚ» ደግሞ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት ሰው ነው። ስንብቱም የተለመደው በዚሁ መስመር ነው። «እርስዎ» የሚባለው ሰው «አውፍ ቪደርዜን» ተብሎ ይሸኛል፤ «ዳግም እስክንተያይ» ማለት ነው። በስልክ መተያየት የለምና «አውፍ ቪደርሆረን»፣ ማለትም «ድምፅዎን ዳግም እስክንሰማ» ይባላል። ወዳጆች ግን «ቹስ» ተባብለው ይለያያሉ። በባቫሪያና በኦስትሪያ ደግሞ «ዜርቩስ» አለ፤ ቃሉ ላቲን ነው፣ «ባሪያህ ነኝ» ከማለት የመጣ።

ቀድሞ ግን ጀርመኖች በሰፊው ይሰነባበቱ የነበረው በፈረንሳይኛው «አዲዩ» ነበር። ፍቺው «ወደ እግዚአብሔር» ነው፤ እኛ «ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥቼሃለሁ» እንደምንለው። በ1885 የተቋቋመው የጀርመን ቋንቋ ማኅበር የባዕድ ቃላትን ከቋንቋው ለመንቀል ሲታገል ቆይቶ ነበርና በነሐሴ 1914 ጀርመን ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ስትገባ «አዲዩ» የጠላት ቃል ሆነ። አገሩን የሚወድ ሁሉ «አውፍ ቪደርዜን» ይበል ተባለ።

የሚያስቀው ነገር ምትኩ ነው። «አውፍ ቪደርዜን» ራሱ በ18ኛው መቶ ዘመን «ኦ ረቯር» በተሰኘው የፈረንሳይኛ ስንብት አምሳያ የተበጀ ነው። ጨርቁ የጀርመን ነው፤ ስፌቱ የፈረንሳይ።

የባሰው ከኋላ መጣ። በሐምሌ 1933 የናዚ መንግሥት ሠራተኞቹን «ሃይል ሂትለር» በሚለው ሰላምታ እንዲጠቀሙ አዘዘ። ደብዳቤ እንኳ የሚዘጋው በዚሁ ቃል ሆነ። እጁን ያላነሳ ሰው በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። የመገናኘትና የመለያየት ቃል የታማኝነት መመርመሪያ ሲሆን፣ ሰው ጎረቤቱን እንኳ በነፃነት መሰናበት አይችልም። አገዛዙ በ1945 ሲወድቅ ሰላምታውም አብሮት ወደቀ፤ ዛሬ በጀርመን በአደባባይ ማለቱ በሕግ ያስቀጣል።

የተባረረው «አዲዩ»ስ? በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በሽቫብያ፣ በመካከለኛው ዘመን የገባው ታላቅ ወንድሙ «አዴ» ዛሬም በሕይወት አለ። ዋናው ጉድ ግን «ቹስ» ነው። ይህ የወዳጆች ቃል የመጣው በሰሜን ጀርመን ዘዬ ይባል ከነበረው «አጁስ» ነው፤ «አጁስ» ደግሞ «አዲዩ»ንና የስፔኑን «አዲዮስ» ከወለደ ቤት የተገኘ ነው። መልኩን ስለለወጠ ማንም ሳያስቸግረው ኖረ። ዛሬማ ከሰሜን ተነሥቶ አገሩን አዳርሷል፤ ሱቅ ውስጥ ለማያውቁት ሻጭ ሳይቀር ይባላል።

ይህ ያልተዋጠላቸውም አሉ። በ2012 በባቫሪያዋ የፓሳው ከተማ አንድ ትምህርት ቤት «ቹስ» አክብሮት ይጎድለዋል ብሎ ተማሪዎቹ እንዲተዉትና ሲገናኙ «ግሩስ ጎት»ን እንዲለምዱ ጠየቀ። «ግሩስ ጎት» የእግዚአብሔርን ስም የያዘ ሰላምታ ነው። «ቹስ» በሆዱ ያንኑ ስም ተሸክሞ እንደሚዞር ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው።

እኛም ብንሆን «ቻው» የምንለው በጣልያንኛ ነው። መነሻው የቬኒስ ዘዬ ሲሆን፣ ፍቺው እንደ «ዜርቩስ» «ባሪያህ ነኝ» ነበር። ከጣልያን ጋር ሁለቴ የተዋጋ ሕዝብ ቃሉን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ደግ አደረገ እላለሁ። የስንብት ቃል ዜግነት አፉን የፈታበት አገር ሳይሆን ሰዎች በፍቅር የሚለያዩበት ደጃፍ ነውና።