የቴሲጀር ቤተሰብና የበሽሎ ሁለት ዳርቻዎች፦ ስለ ዘር ቈጠራ፣ ስለ ውርስና ስለ ዲፕሎማሲ



የዛሬው ንግግሬ የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ነው። ስለ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ታሪክ ለመስማት ለመጣ ሰው ይህ ርእስ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቴሲጀር ቤተሰብ ከሦስት ትውልድ በላይ በኢትዮጵያ ጉዳይ እጁን አስገብቷል፤ አንዱ በሎንዶን የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ ሁለተኛው በመቅደላ ጦርነት፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን፣ አራተኛው በአርበኞች ዘመን። ከእነዚህ ሁለቱ በጦርነት ወቅት ከስማዳና ከታች ጋይንት ድንበር ብዙም ሳይርቁ፣ በበሽሎ ተፋሰስ ተገኝተዋል። ስለ እኛ የተጻፈውን የውጭ ሰነድ በትክክል ለማንበብ ከፈለግን፣ ጸሐፊው የማን ልጅ እንደሆነና ለምን ወደ እኛ እንደመጣ ማወቅ ይኖርብናል። ዛሬ የማቀርበው ክርክር ይህ ነው።

ከሥር ልጀምር። የቤተሰቡ አባት ዮሐን አንድሬያስ ቴሲጀር የሚባል የሳክሶኒ ሰው ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የሮኪንግሃም መስፍን ጸሐፊ ሆነ። ከልጆቹ አንዱ በባሕር ኃይል አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ1801 በኮፐንሃገን ጦርነት ላይ የአድሚራል ኔልሰን ረዳት መኰንን ነበር። ሌላው ልጅ ቻርልስ በካሪቢያን በሴንት ቪንሰንት ደሴት የጉምሩክ ሹም ሆነ፤ በዚያም በባሪያ ጉልበት ይለሙ ከነበሩት እርሻዎች አንዱ የእርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 የደሴቲቱ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ርስቱን አጠፋው። የቻርልስ ልጅ ፍሬደሪክ ቴሲጀርም የሚወርሰው መሬት ስላልቀረለት ፊቱን ወደ ሕግ ሙያ አዞረ። ጠበቃ፣ የፓርላማ አባል፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1858 የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሕ ሹም፣ እነርሱ ሎርድ ቻንስለር የሚሉት፣ ሆነ። ባሮን ቼልምስፎርድ የሚለውን ማዕረግ ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው።

ስለዚህ «ጥንታዊ መኳንንት» ብለን የምናስበው ቤት በእውነቱ ከስደተኛ ጸሐፊ የተነሣ፣ መሬቱን ያጣና በሹመት የከበረ ቤት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፍሬደሪክ ቴሲጀር ለሁለተኛ ጊዜ ሎርድ ቻንስለር የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1868 መጀመሪያ ድረስ፣ በሎርድ ደርቢ መንግሥት ውስጥ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎቹን አውሮጳውያን ለማስፈታት ጦር እንዲዘምት እ.ኤ.አ. በ1867 የወሰነው ይኸው መንግሥት ነው። አባት ውሳኔው በተላለፈበት ካቢኔ ሲቀመጥ፣ ልጁ ኮሎኔል ፍሬደሪክ አውግስጦስ ቴሲጀር ከጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጋር በረዳት አስተዳደር መኰንንነት ዘመተ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ወደ ታሪኩ ይገባል። መቅደላ ላይ የተገናኙት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንጣሎና በአሸንጌ አድርጎ ወደ ዋድላና ደላንታ የወጣው የናፒየር መንገድ ነው፤ 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ተጉዘውበታል። ሁለተኛው ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በጨጨሆ በኩል ያለፈው የቴዎድሮስ መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፣ ዐለት እያስፈለጡ፣ ገደል እያስደለደሉ ተጓዙ። በበጌምድር በግብርና በዘረፋ የተማረረው ገበሬ ሸፍቶ በየጐኑ ይዋጋቸው ነበር። መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። የእንግሊዝ ጦርም በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች የወረደውና የወጣው ቴዎድሮስ ባሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚጠጉ ሞቱ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። የኮሎኔል ቴሲጀር ስም በአዛዡ ሪፖርት በምስጋና ተጠቀሰ። ከአራት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 1868 እ.ኤ.አ.፣ የበኵር ልጁ ተወለደ፤ ከስሞቹም አንዱ ናፒየር ነው። ስም ማውጣት በእኛም ዘንድ ዘመን የሚቀረጽበት መዝገብ ስለሆነ፣ ይህን ማስተዋል ለእኛ አይከብደንም።

ኮሎኔሉ አባቱ ሲሞት ሁለተኛው ባሮን ቼልምስፎርድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1879 በዙሉላንድ የመራው ጦር ኢሳንድልዋና ላይ ከ1,300 በላይ ሰው አጥቶ ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ኡሉንዲ ላይ ድል አደረገ። ዓለም የሚያስታውሰው በሽንፈቱ ነው። በኢትዮጵያ ያገኘው ልምድ ለዙሉላንዱ ንቀት ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወታደራዊ ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ብትመረምሩት መልካም ርእስ ይሆናል።

አሁን ወደ ውርስ ሕግ ልለፍ፤ የንግግሬ ማዕከል ይህ ነውና። በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ማዕረጉና ዋናው ሀብት በአብዛኛው ይተላለፍ የነበረው ለበኵር ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ብዙውን ጊዜ አትወርስም ነበር፤ ታናናሽ ወንዶች ልጆችም በአብዛኛው ስምና ትምህርት እንጂ ርስት አልነበራቸውም። ስለዚህ ወደ ጦር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሕግ ሙያ ወይም ወደ ቆንስላ አገልግሎት ይሠማሩ ነበር። በሁለተኛው ባሮን ቤት የሆነውም ይኸው ነው። በኵሩ ፍሬደሪክ ጆን ናፒየር ማዕረጉን ወረሰ፤ የኵዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1921 የሕንድ እንደራሴ፣ በ1924 ደግሞ በመጀመሪያው የሌበር መንግሥት የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነ። ታናሹ ዊልፍሬድ ጊልበርት የሚወርሰው ስላልነበረው በቫን፣ በታራንቶ፣ በቤልግሬድ፣ በሴንት ፒተርስበርግና በኮንጎ በቆንስላ ሥራ ተንከራተተ። በኮንጎ ሳለ በካሳይ አውራጃ ሕዝቡ ለጎማ ምርት በግዳጅ እንዴት እንደሚሠራ የጻፈው ሪፖርት በጊዜው ብዙ አነጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ1909 መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ይህን ከእኛ ሥርዓት ጋር አስተያዩት። በበጌምድርና በጎጃም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በነበረው የርስት ሥርዓት፣ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ወንድም እኅትም፣ በኵርም ታናሽም ባለ መብት ነው። የዘር ቈጠራ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የክብር ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ፣ የእርሻ ማሳ የሚገኝበት ቁልፍ ነበር። የእንግሊዙ ሥርዓት መሬቱን ሳይከፍል ልጆቹን በዓለም በተነ፤ የእኛው ልጆቹን ሁሉ በአገር አቆይቶ መሬቱን ከፋፈለ፣ ክርክሩንም አበዛ። አንደኛው ቤት ዲፕሎማት ወለደ፤ ሁለተኛው ባለ ርስትና ተሟጋች። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝና የሙግቱን ብዛት አላሳምረውም። ነገር ግን አንድ እንግሊዛዊ ባላባት በአዲስ አበባ ለምን ተገኘ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የውርስ ሕግ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ዊልፍሬድ ጊልበርት በአዲስ አበባ የቆየው እስከ 1919 እ.ኤ.አ. ነው። ዐፄ ምኒልክ ታመው የተኙበት፣ ልጅ ኢያሱ የገዙበትና የወደቁበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1916 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች የልጅ ኢያሱን አካሄድ በመቃወም የጋራ ማስታወሻ አቀረቡ፤ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። በዚያ ጭንቅ ወቅት የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተጠልሎ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሩ ታላቅ ወንድም የሕንድ እንደራሴ ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ በዴልሂ ሌላው በአዲስ አበባ፣ ለአንድ ንጉሥ ያገለግሉ ነበር።

ከዚህ የሚነሣው የታሪክ ትምህርት ከባድ ነው። ስለ ልጅ ኢያሱ የተነገረው ክስ ሰፊ ክፍል የደረሰን በእነዚህ ሌጋሲዮኖች ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የዓለም ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት መልእክተኛ፣ የክሱም ተካፋይ ነበር። ሰነዱን መጣል አይገባም፤ ግን እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ተከራካሪ ወገን ቃል መነበብ አለበት። በርስት ሙግት ያደጉ አባቶቻችን የባለ ጉዳይን ቃልና የምስክርን ቃል ለይተው ያውቁ ነበር።

የሚኒስትሩ በኵር ልጅ ዊልፍሬድ ፓትሪክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1910 በአዲስ አበባ ተወለደ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የሰገሌን የድል ሰልፍ በዓይኑ አየ፤ ይህ ትዕይንት ዕድሜ ልኩን ከልቡ አልወጣም። አባቱ በ1920 ቢሞትም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ በግል ጠርተውት መጣ። ልብ በሉ፤ ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተሸንፈው ሞተዋል። በአዲስ አበባ ዘውዱ በሚደፋበት ጊዜ በበጌምድር ገና ሐዘን ነበር። የቴሲጀር መጽሐፍ የአዲስ አበባውን ግርማ ያሳየናል፤ የበጌምድሩን ሐዘን ለማግኘት ግን ወደ ሌላ ምንጭ መሄድ አለብን።

ወጣቱ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 እና 1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአውሳ በኩል እስከ መድረሻው ሐይቅ ተጓዘ። በ1941 በጌዴዎን ጦር ውስጥ በዊንጌት ሥር ከአርበኞች ጋር ተሰለፈ። ከደብረ ማርቆስ አፈግፍጎ ዐባይን የተሻገረውን የጣሊያን ጦር በማሳደድ ተካፍሎ፣ የአጅባርን ምሽግ በመያዙ ወታደራዊ ኒሻን ተሸለመ። አጅባር በአማራ ሳይንት፣ ከስማዳ በበሽሎ ማዶ ያለች ናት። አያቱ ከ73 ዓመት በፊት በዚሁ ወንዝ ተፋሰስ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሊወጋ መጥቶ ነበር፤ የልጅ ልጁ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሊመልስ መጣ። በእኛው ወገን ደግሞ የበጌምድር አርበኞች ከእንግሊዝ መኰንኖች ጋር ሆነው ደብረ ታቦርን ከበቡ፤ ምሽጉም በዚያው ክረምት እጁን ሰጠ።

በጦርነቱ ማብቂያ ዓመታት ቴሲጀር በደሴ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆነ። አባቱ ጠልሎት የነበረውን ሕፃን ልጁ አማከረው። ከዚያ በዓረብ በረሃና በደቡብ ኢራቅ ረግረግ ለዓመታት ኖረ፤ በ1960 ተመልሶ ሰሜን ኢትዮጵያን በእግርና በበቅሎ ዞረ። በ1987 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ መታሰቢያ አደረገው። በ2003 ሲሞት የተወው 38,000 ያህል የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ወዳጅነት እውነተኛ ነበር፤ አላናንቀውም። ነገር ግን የመኳንንት ከመኳንንት ጋር ወዳጅነት ነበር። ቤተሰቡ በኢትዮጵያ ያየውና የወደደው በአመዛኙ የራሱን አምሳያ ነው፤ ዙፋንን፣ ሥርዓትን፣ ጦረኛን። የጨጨሆን ዐለት የፈለጠው፣ መድፉን የጐተተው፣ አንቺም ላይ ዘምቶ ያልተመለሰው ገበሬ በዚያ መዝገብ ስም የለውም። የእነርሱ ቤት ግን ከሳክሶኒው ጸሐፊ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ከነልደቱና ከነሹመቱ ተመዝግቧል።

ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የዲፕሎማትን ሰነድ ስታነቡ ከፊርማው ጀርባ ያለውን ቤት፣ ውርስና ጥቅም አስቀድማችሁ መርምሩ። ሁለተኛው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ አሁንም በአባትም በእናትም ወገን ብዙ ትውልድ የሚቈጥሩ አረጋውያን አሉ። ቈጠራው ከ1967ቱ ዐዋጅ ወዲህ መሬት አያስገኝም፤ ስለዚህም የሚማረው ወጣት አልተገኘም። መሬት ማስገኘቱ ሲቀር ታሪክነቱ አብሮ ሊቀር አይገባውም። የዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያልመረጣችሁ ተማሪዎች ከዚህ ጀምሩ፤ መዝገባችሁንና መቅረጫችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የሴት አያቶችን ቈጠራ ከወንዶቹ እኩል ጻፉ። ርስታችን በሁለቱም ወገን ይቈጠር ነበርና።