የማርስ ሂል አወዳደቅና የሰሚው ጆሮ

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 አንድ ፖድካስት መሰራጨት ጀመረ። ስሙ «የማርስ ሂል መነሣትና መውደቅ» ነው። አዘጋጁ ማይክ ኮስፐር፣ አሰራጩ ደግሞ ቢሊ ግራሃም በ1956 የመሠረተው «ክሪስቺያኒቲ ቱዴይ» መጽሔት ነበር። ስለ ፈረሰች አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሚተርከው ይህ ዝግጅት በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ተደመጠ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1996 ሲያትል ውስጥ ነው። ማርክ ድሪስኮል የተባለ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ማርስ ሂልን ተከለ። ሲያትል ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው የሚፈለግባት ከተማ ነበረች። ድሪስኮል ጂንስ ለብሶ፣ እየቀለደ፣ እየጮኸ፣ አንዳንዴም እየተሳደበ ሰበከ። ወጣቱ፣ በተለይም ወንዱ፣ ጎረፈ። በጊዜ ብዛት ቤተ ክርስቲያኒቱ በአምስት ግዛቶች 15 ቅርንጫፍ ያላት፣ በየሳምንቱ 12 ሺህ ያህል ሰው የሚሰበሰብባት ሆነች። ስብከቱ በኢንተርኔት ዓለምን ዞረ።

ስንጥቁ ግን ከዕድገቱ ጋር አብሮ ነበር። በ2007 የመተዳደሪያ ደንቡ ተቀይሮ ሥልጣን በጥቂት ሰዎች እጅ ሲጠቃለል ሁለት ሽማግሌዎች ተቃወሙ። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። በዚያው ሰሞን ድሪስኮል ቤተ ክርስቲያኒቱን በአውቶቡስ መስሎ፣ ያልተሳፈረ እንደሚገጭና ከኋላ የሬሳ ክምር እንደሚቀር ሲናገር ድምፁ ተቀድቷል። በዚያ ወቅት ብዙው ምእመን ዝም አለ። ሰው እየዳነ፣ አዳራሽ እየሞላ ማን ደንብ ያነባል?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተከታትሎ መጣ። በ2013 መጨረሻ የሌሎችን ጽሑፍ ምንጩን ሳይጠቅስ ተጠቅሟል ተባለ። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ በ2012 ከባለቤቱ ጋር ያወጣው የትዳር መጽሐፍ የኒው ዮርክ ታይምስ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ቤተ ክርስቲያኒቱ 210,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ከአንድ ድርጅት ጋር መዋዋሏ ተጋለጠ። በኦገስት 2014 ራሱ የመሠረተው የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት «አክትስ 29» አስወገደው፤ 21 የቀድሞ ፓስተሮችም መደበኛ ክስ አቀረቡ። በኦክቶበር ለቀቀ። በወሩ መጨረሻ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትበተን ተነገረ፤ 2015 ሲገባ ማርስ ሂል የሚባል ድርጅት አልነበረም። ገንዘብ አልተሰረቀም፣ ዝሙት አልተገኘም። የተከሰሰው በትዕቢት፣ በቁጣና በኃይለ ቃል ነበር።

ፖድካስቱ ይህን ሁሉ በሙዚቃ፣ በቃለ ምልልስና በድሮ ስብከቶች ቅንጭብ አዋዝቶ አቀረበ። ድሪስኮል ራሱ ለዝግጅቱ ቃለ ምልልስ አልሰጠም። እዚህ ላይ ነው የሰሚው ፈተና የሚጀምረው።

አንዳንዱ ክርስቲያን ገና ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። ገበና መግለጥ ነው ይላል፤ የተቀባውን አትንካ የሚለውን የመዝሙር 105 ቃልም ይጠቅሳል። ቃሉ ግን የሚናገረው በአሕዛብ መካከል እንግዶች ሆነው ይዞሩ ስለነበሩት አባቶች ነው፤ ለፓስተር ከጥያቄ መሸሸጊያ ሆኖ አልተጻፈም። ሳኦል የተቀባ ስለሆነ እጄን አላነሣበትም ያለው ዳዊት እንኳ ከዋሻው ወጥቶ፣ የልብሱን ቁራጭ በእጁ ይዞ፣ ሁሉም እየሰማ በደሉን ነግሮታል። መግደልና መውቀስ ለዳዊት አንድ አልነበሩም። ደግሞም ገበና መሸፈን ኃጢአትን መሰወር ቢሆን ኖሮ የዳዊትና የቤርሳቤህ ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባልገባ ነበር። ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ በሁሉ ፊት መቃወሙን ራሱ ጽፎ አስቀርቷል።

ሌላው ሰሚ በተቃራኒው ሁሉን ይውጣል። ክፍል በክፍል እንደ ተከታታይ ድራማ ይጠብቃል፤ የሰው ስብራት የመንገድ ማሳለፊያ ይሆንለታል። በአማርኛም የአገልጋዮችን ጉድ የሚዘረግፉ የዩቲዩብ ዝግጅቶችን የሚከታተል ሰው ይህን ጣዕም ያውቀዋል። ምሳሌ 18፥17 ግን ቀድሞ የተናገረ ባላጋራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ያስጠነቅቃል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለቱም አብረው ይገኛሉ፤ በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አይሰማም፣ ምስክር ተገኝቶ በኃጢአቱ የጸና ግን በሁሉ ፊት ይገሠጻል። አንዱን ቁጥር ይዞ ሌላውን መጣል የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያውን አለቆች፣ ሁለተኛውን የተበደሉ ይወዱታል። በማርስ ሂል ጉዳይ ምስክሩ ሁለት ሦስት ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ አዘጋጁ ምስክርነቱን አልፎ ለጥፋቱ ሁሉ አንድ ምክንያት ሲሰጥ፣ አንዱን የሥነ መለኮት ትምህርት ወይም አንዱን ትውልድ ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ያ የእርሱ ትንታኔ ነው፤ ሰሚው ከምስክሩ ቃል ለይቶ ሊመዝነው ይገባል።

ማርስ ሂል የሚለው ስም የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ 17፣ ጳውሎስ በአቴና ከሰበከበት ከአርዮስፋጎስ ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ የቤርያ ሰዎች አሉ። የሰሙትን በደስታ ተቀበሉ፤ ከዚያ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን መረመሩ። የመረመሩት የወደቀ ሰው ወሬ ሳይሆን የሐዋርያ ስብከት ነበር! የሲያትል ሰዎች ይህን በ2007 ቢያደርጉት ኖሮ በ2021 ፖድካስት ባላስፈለገ።

ተራኪውም ቢሆን ከምርመራ በላይ አይደለም። በማርች 2022 «ክሪስቺያኒቲ ቱዴይ» ራሱ ከ12 ዓመት በላይ ሁለት ወንድ ኃላፊዎቹ ሴት ሠራተኞችን ሲያዋክቡ ተጠያቂ ሳያደርጋቸው መቅረቱን በገዛ ገጹ ዘግቧል። ስለ ሌላው ቤት ውድቀት ሲተርክ የቆየ ቤት የራሱን ጻፈ። ይህ የፖድካስቱን እውነት ሐሰት አያደርገውም፤ ሰሚው ግን ተራኪውን በመንበር ላይ እንዳያስቀምጥ ያስታውሰዋል።

ድሪስኮል በ2016 አሪዞና ውስጥ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከፍቶ መስበኩን ቀጠለ። በ2007 የተባረሩት ሁለት ሽማግሌዎች ግን የሚሰማቸው ያገኙት ፖድካስቱ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በኖቬምበር 2014 አሥራ ስምንት የቀድሞ የማርስ ሂል ሽማግሌዎች፣ በዚያን ጊዜ በድለናችኋል ብለው በአደባባይ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቋቸው። ደብዳቤው ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለመፍረስ ሁለት ወር እንኳ አልቀራትም ነበር።