በጥምቀት ዕለት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ መግባት፦ ሰዎች ለምን ይገባሉ? ማንስ ይጠንቀቅ?

በየዓመቱ ጥር 10 የከተራ ዕለት ከመተማ፣ ከገንዳ ውኃ፣ ከሽንፋና ከቋራ ብዙ ሰው የጥምቀትን በዓል ለማክበር ወደ ጎንደር ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት በዐፄ ፋሲል መዋኛ ውኃው ተባርኮ ሲያበቃ ወጣቶች ልብሳቸውን እንደለበሱ ዘለው ይገባሉ። ከመግባትዎ በፊት፣ ወይም ልጅዎን ከመላክዎ በፊት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ሰዎች ለምን ይገባሉ?

ዋናው ምክንያት እምነት ነው። በዓሉ ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን የሚያስታውስ ሲሆን ምእመኑ ከተባረከው ውኃ በረከት ለማግኘት ይረጫል፣ ይጠመቃል። ስለት ያለበት፣ ከሕመም ለመዳን የሚሻ፣ ለታመመ ቤተሰቡ ውኃውን በጠርሙስ የሚወስድም ብዙ ነው።

ሁለተኛው አብሮነት ነው። ከጓደኛ፣ ከሰፈር ልጅ፣ ከማኅበር ጋር አብሮ መግባት ደስታ ይሰጣል፤ በወጣቱ ዘንድም የድፍረት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን በዚሁ በዓል በረዶ ተፈልፍሎ በተከፈተ ውኃ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ በግሪክ ካህኑ ባሕር ውስጥ የጣለውን መስቀል ወጣቶች ዋኝተው ያወጣሉ።

ሦስተኛው ከውኃው ሲወጡ የሚሰማው ስሜት ነው። ቅዝቃዜው ሰውነትን ሲያነቃ እንደ አድሬናሊን ያሉ ንጥረ ነገሮች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ሰውየው ንቁና ደስተኛ ይሆናል። ይህ ስሜት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጊዜያዊ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መግባት በሽታን እንደሚያድን በሕክምና የተረጋገጠ ነገር የለም።

ሰውነት ውስጥ ምን ይከሰታል?

*የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች።* ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ ከዚያም ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይጨምራል። ይህ የቅዝቃዜ ድንጋጤ ይባላል። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ ጭንቅላት ውኃ ውስጥ እያለ ከመጣ ውኃ ወደ ሳንባ ይገባል። ከከፍታ ዘሎ መግባት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

*ቀጥሎ።* እጅና እግር ይደነዝዛሉ፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳ መቅዘፍ ያቅተዋል።

*ብዙ ከቆዩ።* ውኃ ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ስለሚወስድ የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መጎተት፣ ግራ መጋባትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው።

ከቆላ ለሚመጡ ለምን ይለያል?

የመተማ ቆላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በጓንግ ወይም በሽንፋ ወንዝ ሲዋኙ ያደጉ ከሆነ የለመዱት ሞቅ ያለ ውኃ ነው። የጎንደር የጥር ሌሊት ግን ብርድ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የገሃድን ጾም ጾሞ፣ ታቦት ባለበት ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ነው ማለዳ ወደ ውኃው የሚገባው። ድካም፣ ባዶ ሆድና እንቅልፍ ማጣት ሰውነት ቅዝቃዜን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሳሉ።

ሌላም ጉዳይ አለ። በቆላው ወባና ካላዛር አሉ። ትኩሳት ይዞዎት ከሆነ «ውኃው ያበርደዋል» ብለው አይግቡ፤ መጀመሪያ የደም ምርመራ ያድርጉ። ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ከከሱ ወይም ከግራ የጎድን አጥንት ሥር እብጠት ካለ ካላዛር ሊሆን ስለሚችል መተማ ሆስፒታል ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይመርመሩ። ለደጋው ሐኪም በቆላ መኖርዎን ወይም መሥራትዎን መንገር አይርሱ።

ወደ ውኃው መግባት የሌለባቸው

- የልብ ሕመም ወይም በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት ያለባቸው
- የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ መድኃኒት እየወሰዱም ቢሆን
- ቅዝቃዜ የሚያስነሳው አስም ያለባቸው
- ትኩሳት፣ ክፍት ቁስል ወይም ተቅማጥ ያለባቸው
- ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አቅመ ደካማ አረጋውያን
- አልኮል የጠጣ ማንኛውም ሰው

እነዚህ ሰዎች ከበረከቱ አይቀሩም። ካህናቱ ውኃውን በሕዝቡ ላይ ይረጫሉና ዳር ቆሞ መረጨት ይበቃል።

ጸበልና መድኃኒት

ሐኪሞችን በጣም የሚያሳስበን ውኃው ብቻ አይደለም፤ ከበዓሉ በኋላ የሚቋረጠው መድኃኒት ነው። «ተጠምቄያለሁ» ብሎ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ማቆም ሕይወት ያሳጣል። የካላዛር መርፌ ሳይጨረስ ከተቋረጠም በሽታው ያገረሻል። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ምእመናን ጸበሉንና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለጉዞ ሲነሱ ለሚቆዩባቸው ቀናት የሚበቃዎትን መድኃኒት፣ ለመዘግየትም ጥቂት ትርፍ ይያዙ።

ለመግባት ከወሰኑ

1. ዋና ካልቻሉ እግርዎ መሬት ከማይነካበት ቦታ አይግቡ።
2. አይዝለሉ። መጀመሪያ ፊትዎንና ደረትዎን ያርጥቡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይግቡ።
3. ትንፋሽዎ እስኪረጋጋ ጭንቅላትዎን ከውኃው በላይ ያድርጉ።
4. ከ1 ወይም ከ2 ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ውኃውንም አይዋጡ።
5. ነጠላና ጋቢ በውኃ ሲርስ ይከብዳልና አውልቀው ይግቡ።
6. ደረቅ ልብስ የያዘ ሰው ዳር ላይ ይጠብቅዎት።
7. ከተጨናነቀ መወጣጫና የእንጨት መደርደሪያ ይራቁ። በ2012 ዓ.ም በዚሁ ቦታ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

አደጋ ከደረሰ

*የበረደው ሰው፦* እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፤ አድርቃችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። አረቄ አትስጡ፤ ቆዳውን አትሹ፤ እሳት ዳርም አታስጠጉት።

*ውኃ የወሰደው ሰው፦* ዘቅዝቃችሁ ውኃ ለማውጣት ጊዜ አታጥፉ። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝታችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት። ቀጥሎ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፤ ከእያንዳንዱ 30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ስጡ። አንድ ሰው ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥራ።

መቼ ሐኪም ቤት መሄድ አለብዎት?

ከውኃው ከወጡ በኋላ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል ወይም ግራ መጋባት ካለ በዚያው ዕለት ይሂዱ፤ ውኃ ወደ ሳንባ የገባበት ሰው ለጊዜው ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሊባባስበት ይችላል። ወደ ቤትዎ ከተመለሱ በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም የቆዳ ማሳከክ ከታየ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይታዩ፤ ወደ ውኃው መግባትዎንም ይንገሩ።