ሽለላን በሳክስፎን ያሰሙት ጌታቸው መኩሪያ



ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ድንኳን ለአዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ወሬ ወሬን እያነሣ ክርክሩ ሙዚቃ ላይ ደረሰ። አንድ አባት «ሳክስፎን የፈረንጅ ነው፤ የኛ ክራርና ማሲንቆ ነው» አሉ። አንድ ወጣት ደግሞ «ታዲያ የኛዎቹ ጃዝ ተጫዋቾች ከአሜሪካ ከመቅዳት በቀር ምን ጨመሩ?» ብሎ ጠየቀ። ለቅሶ ቤት ክርክር አያምርምና ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ለሁለቱም በዚህች መጽሔታችን መልስ ልስጥ። መልሴ የአንድ ሰው ሕይወት ነው።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሳክስፎንን የሠራው አዶልፍ ሳክስ የተባለ የቤልጅግ ሰው ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን በፓሪስ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ገላው ናስ ነው፤ ድምፁን የምታወጣው ግን አፉ ላይ የምትታሰር ከሸምበቆ የተሠራች ቀጭን ምላስ ናት። የናስ መሣሪያ በአገራችን የተስፋፋው በማርሽ ባንድ በኩል ሲሆን፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ጦሩ፣ ፖሊሱና ማዘጋጃ ቤቱ የየራሳቸውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ።

ጌታቸው መኩሪያ የተወለዱት በመጋቢት ወር 1927 ዓ.ም. በይፋት ነው። ይኸውም ጣልያን አገራችንን ሊወር ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው። እንግዲህ ልጅነታቸው አርበኛ ከዱር የተመለሰበት፣ በየሠርጉና በየግብሩ ሽለላና ፉከራ ከጆሮ የማይጠፋበት ዘመን ነበር። በመጀመሪያ የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነው። ኋላ ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደምንለው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ገቡ።

ዋናው ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሽለላ የጀግና ድምፅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ድሮ የአርበኛ ለቅሶ ላይ ጋሻና ጎራዴው ወጥቶ ይሸለልለት የለም እንዴ! በማርሽ ልክ የሚሄድ ዜማ አይደለም። ሸላዩ ድምፁን ከላይ ይጀምራል፣ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይስበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንገት ሰብሮ ደግሞ ያነሣዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በኖታ ጽፎ ማስያዝ ይከብዳል። ጋሽ ጌታቸው ግን ማሲንቆ የሰውን ጉሮሮ ተከትላ እንደምትናገር ከልጅነታቸው ያውቁ ነበርና፣ ያንኑ በሳክስፎን አደረጉት። ቃል የሌለበት ሽለላ ሆነ፤ ሆኖም የሰማው ሁሉ ፉከራ መሆኑን ለይቶ ያውቀዋል። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው እንደ አርበኛ ለብሰው ይወጡ ነበር።

ለወጣቱ መልሴ ይኸው ነው። በአሜሪካ እነ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳክስፎንን ከልማድ ሥርዓት አውጥተው ሲያስጮኹት፣ «አዲስ ጃዝ መጣ» ተባለ። የጋሽ ጌታቸውን ሸክላ በኋላ የሰሙ ፈረንጆች ከነዚህ ሰዎች ጋር አመሳሰሏቸው። የእሳቸው አነፋፍ ግን ከሽለላው የተገኘ ነው እንጂ ከአሜሪካ የተቀዳ አይደለም። መሣሪያው የውጭ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው እስትንፋስ የኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ሸክላ አወጣላቸው፤ «ሽለላ»፣ «አንቺ ሆዬ»፣ «አምባሰል» እና «አካለ ውቤ» በዚያ ውስጥ አሉ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የአዲስ አበባ የሌሊት ጨዋታ ተቀዛቀዘ፤ ሸክላ ማሳተሙም ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ያው ሸክላ በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ እንደገና ታተመ። በዓመቱ «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ባንድ ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር! ከባንዱ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ፤ አውሮፓን ዞሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር አደባባይ ተጫወቱ። በፓሪስም የፈረንሳይ ወጣቶች ስማቸውን «አካለ ውቤ» ብለው ባንድ አቋቋሙ። ጋሽ ጌታቸው ያረፉት መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ነው።

ውድ አባላት፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ያን ሽለላ ብዙዎቻችን ከሬዲዮ እየሰማን ሻይ ጠጥተን አልፈናል፤ ምን እንደነበረ ለማወቅ ፈረንጅ እስኪነግረን ጠበቅን። እኛ የእድር ሰዎች ደግሞ የአንድን ሰው ሙያና ታሪክ ጠይቀን የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው ባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል ስንሰበሰብ፣ ከሠፈራችን አዛውንት አንዱ ስለ ሙያው ግማሽ ሰዓት ያጫውተን። ሸማኔውም፣ ነጂውም፣ አዝማሪውም። ሳይሞቱ እንስማቸው።

የጋሽ ጌታቸውንና በዚህ ዓመት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር።

ከእድሩ አባላት አንዱ