«ካሳ» ስለ ተባለው የወንድ ልጅ ስም

የተጸውዖ ስም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ስም የቃሉን ጥንተ ትርጉም ጠብቆ የሚያቆይ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። «ካሳ» ከእነዚህ አንዱ ነው።

ስሙ «ካሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በትግርኛ «ካሓሰ»፥ «ካሕሳ»፥ በሰው ስምም «ካሕሳይ» ሲባል የጉሮሮው ድምፅ ይሰማል። በአማርኛ ግን የግዕዙ «ሰሐበ» «ሳበ»፥ «መሐረ» «ማረ» እንደ ሆነ ሁሉ፥ ይህም ድምፅ ወድቋል።

ስሙ የሚወጣው ልጅ ሞቶባቸው ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ለነበሩ ወላጆች ወንድ ልጅ ሲወለድ ነው። ያዘነችውን እናት «እግዜር ይካስሽ» ማለት የተለመደ ነውና፥ ስሙ የዚያ ምርቃት መድረሻ ነው። «ካሳሁን» እና «ካሳዬ» ከዚሁ ይወጣሉ። «ምትኩ» እና «ተካ» በሐሳብ ቢቀርቡትም አንድ አይደሉም። ምትክ የሄደውን ቦታ ይይዛል፤ ካሳ ግን የሄደውን ሳይተካ ጉዳቱ መድረሱን መስክሮ የተጎዳውን ያጽናናል።

በታሪክም ስሙ ታላላቅ ሰዎችን አገናኝቷል። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ አስቀድሞ ካሳ ኃይሉ ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ካሳ ምርጫ ይባሉ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት የታወቁት ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ደግሞ ከቴዎድሮስ የመጀመሪያ ስም ጋር እስከ አባት ስማቸው ድረስ ይገጥማሉ። ስለዚህ ተርጓሚና የስም ማውጫ አዘጋጅ ዘመኑንና ማዕርጉን ሳይመለከት ሊያልፍ አይገባውም።

ዛሬ ቃሉ በይበልጥ የሚነበበው በሕግ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈለው ካሳ ይደነግጋል። መዝገበ ቃላት ይህን የገንዘብ ፍች ብቻ ቢያሰፍር፥ በለቅሶ ቤት የተነገረውን «ይካስሽ» የሚተረጉም ሰው የእናቲቱን ሐዘን ወደ ሒሳብ ይለውጠዋል።

ስለዚህ «ካሳ» በመዝገበ ቃላት ሲገባ፥ በመጀመሪያ የጉዳት ክፍያ፥ ቀጥሎ ከሐዘን በኋላ የሚገኝ መጽናኛ፥ በመጨረሻም የተጸውዖ ስም ተብሎ እንዲፈታ እናሳስባለን። በ«ሰ»ም ሆነ በ«ሠ» ቢጻፍ ፍቹ አይለወጥም፤ የሰው ስም ሲሆን ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይጠበቅ።